የተዘለለችው ከተማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የጓዳው በር ማጠፊያ ተሰብሮ ነበር። አናጢው ጠዋት መጥቶ ቀየረው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጉበኑን ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ጉበን ከፍ ላድርግልዎት? ሰው ግንባሩን ይመታል።»

«ማን ይመታል? እኔና ባለቤቴ ባርኔጣ ደፍተንም እናልፋለን።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«እንግዳ ጓዳ ምን ይሠራል?»

ሳቀ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እዚያ ጉበን ላይ ግንባሩን ይመታ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለሱ አልጽፍም።

ትናንት ከሚጢጢ ፎቶ ደረሰን። የመጨረሻ ልጃችን ናት። ባሕር ማዶ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ያዘች፤ የውሃ ምህንድስና ትማራለች። ከሁለት ዩኒቨርሲቲ የሩቁን ለምን እንደመረጠች እስከ ዛሬ አልገባኝም። አሁን ደግሞ «ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ልዘዋወር» ብላ አውቶቡስ እየያዘች በባሕሩ ዳርቻ መዞር ጀምራለች። ፎቶው ላይ የወደቡ የዓሣ ገበያ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ ከኋላ ባሕር። ለሽርሽር የሚኬድበት ቦታ አይደለም። ደህና ትመስላለች... ትንሽ ከስታለች?

ባለቤቴ ፎቶውን በጣቶቿ እያሰፋች ብዙ አየችው። የምታየው ልጅቷን አይደለም። ከኋላ ያሉትን ሰዎች ነው።

«ልጅሽ እዚህ ጋ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ጥሩ ጥሩ ዓሣ ነው የሚሸጡት።»

ለዓሣ መቼ ነው እንዲህ የተጨነቀችው? አንድም ቀን ወድዳ በልታ አታውቅም።


እሁድ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት የባለቤቴ መነጽር ጠፋ። እንደ ልማዷ መጀመሪያ አልጋው ላይ፣ ከዚያ ምድጃው ጋ፣ ከዚያ ተመልሳ አልጋው ላይ። ተይ፣ ቁጭ በይ አልኳት። ከበሩ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ የተማሪ ኮምፓስ ሲጠፋም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ቦርሳ አልፈትሽም፣ ማንንም ሌባ አልልም። በሩ አጠገብ ካለው ረድፍ እጀምርና ዴስክ በዴስክ እሄዳለሁ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ፦ መጨረሻ ያየኸው የት ነው? አንድም ዴስክ አይዘለልም። ሁልጊዜ የሚገኘው ተማሪዎቹ «እዚያማ ሊኖር አይችልም» የሚሉት ቦታ ነው።

«መምህር፣ አንተ ጡረታ የወጣህ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

መነጽሩ የዱቄት ጣሳው ላይ ተገኘ።

«እዚያማ አላስቀመጥኩትም።»

«እንግዲህ በእግሩ ሄዶ ይሆናል።»

ከሰዓት ፎቶ መጣ። ሁለተኛ ከተማ። የጨው መጋዘኖች፣ ጣሪያቸው የዛገ። ሚጢጢ በመሃል ቆማ ፈገግ ብላለች። ፈገግታው የፎቶ ነው።

ከአሮጌው አትላሴ አይቼ የዚያን ዳርቻ ካርታ በካርቶን ላይ ሣልኩ። የሄደችባቸውን ቦታዎች በቀይ እርሳስ ምልክት አደረግሁ። አንድ ነገር ከነከነኝ። ከወደቡ ጀመረች። ቀጥሎ ያለውን ከተማ ያዘች። ከዩኒቨርሲቲዋ ብዙም ሳይርቅ ነጭ አሸዋ ያለበት፣ ሰው ሁሉ የሚዝናናበት ቦታ አለ፤ ዞር ብላም አላየችውም። ሽርሽር የወጣ ሰው ይመርጣል። እሷ አትመርጥም። ለምን?

የወደቡን ስም ካርቶኑ ላይ አልጻፍኩትም። ረጅሙ፣ የበኩር ልጃችን፣ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ መጨረሻ የደወለው ከዚያ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው። አልጽፍም ብዬ ነበር። ይኸው ጻፍኩ። ይብቃ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ባለቤቴ ልብስ ማስጫው ጋ ቆማ በስልክ ስታንሾካሹክ ደረስኩባት።

«ማን ነው?»

«ሚጢጢ ናት። ሰላም ብላሃለች።»

ስልኩ ተዘግቷል። ሰላም ያለችኝ መቼ ነው? ገመዱ ላይ የተሰጣው አንድ ፎጣ ብቻ ነው። ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።


እሁድ፣ ጥቅምት 16

ሦስተኛ ከተማ። ፎቶው ላይ የበረዶ ፋብሪካ፣ የተደረደሩ የዓሣ ሣጥኖች። ዛሬ ራሴ ደወልኩ። ደህንነቷን ጠየቅሁ፣ አየሩን ጠየቅሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ፦

«ከከተማው ጀርባ ያለው ምንድን ነው? ሜዳ ነው ወይስ ኮረብታ?»

«ሜዳ... መሰለኝ አባዬ።»

«መሰለሽ?»

«ልብ ብዬ አላየሁም።»

አትላሱ ላይ ከዚያ ከተማ ጀርባ የሰማዩን ግማሽ የሚሸፍን ተራራ አለ። የጂኦግራፊ መምህር ልጅ ተራራ አላየችም!

«ታዲያ ምን አየሽ?»

«ጀልባዎቹን። ጎህ ሲቀድ ነው የሚገቡት። ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ ከበረዶ ፋብሪካው ጀርባ ነው የሚያድሩት። አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው።»

«የት እንደሚያድሩ በምን አወቅሽ?»

«ጠየቅኳቸዋ።»

«ለምን?»

«አባዬ፣ አውቶቡሱ መጣ።»

የአውቶቡስ ድምፅ አልሰማሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲያመካኝ ሰምቻለሁ። «አውቶቡሱ መጣ» እና «ደብተሬን ቤት ረሳሁት» አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ሰው አለ። ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር። መስመሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ እሷም አብራው። ወይ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የፈተናዋ ውጤት ስንት እንደሆነ አስጠየቅሁ። «እየተስተካከለ ነው በለው» ብላለች ለእናቷ። ፈተና አይስተካከልም። ይታለፋል ወይም ይወደቃል። በድጋሚ ፈተና ከወደቀች የትምህርት ዕድሉ ይነሳል፤ ውሉ ላይ አንብቤዋለሁ። ያቺ ልጅ እዚያ ለመድረስ ስንት ክረምት ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ሂሳብ እንደሠራች እኔ ነኝ የማውቀው። ለአንድ ሾፌር ብላ ልትጥለው ነው?

ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ሾፌር?» አለች። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። «ኧረ ተው መምህር። ልጅህን አታውቃትም?»

«እኔ የማውቃት ልጅ ተራራ ታያለች።»


ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አራተኛ ፎቶ። ትልልቅ ክሬኖች ያሉበት ቦታ። አራቱንም በሱቅ አሳትሜ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ማን ነው ፎቶውን የሚያነሳላት? ጥያቄው ይህ ነው።

ባሕር ዳር በተነሳ ፎቶ የአድማሱ መስመር የሚያልፈው በካሜራው ቁመት ልክ ነው። መሬቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ራቅ ብለው ቢቆሙም ቀረብ ብለው ቢቆሙም ለውጥ የለውም። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ። ካሜራው በልጅቷ አገጭ ትክክል ከተያዘ ባሕርና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር አገጯን ይቆርጣል። በወገቧ ትክክል ከሆነ ወገቧን።

ማስመሪያ አምጥቼ አየሁ። የመጀመሪያው አገጯ ላይ። ሁለተኛው ትከሻዋ ላይ። ሦስተኛው ቅንድቧ ላይ። አራተኛው ወገቧ ላይ፤ ይህን ያነሳው ቁጭ ያለ ሰው ወይም ሕፃን ነው።

አንድ ሰው አይደለም ማለት ነው። በየከተማው ያገኘችው መንገደኛ ነው።

ሾፌሩ ተሰረዘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አንዲት ልጅ ብቻዋን ባልታወቀ ወደብ ትሄዳለች፣ የጉልበት ሠራተኞች የት እንደሚያድሩ ትጠይቃለች፣ አንድ ፎቶ ትነሳለች፣ ትመለሳለች። ይህን ለእናቷ ታወራለች። ለእኔ አታወራም። ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ነገር አለ።


እሁድ፣ ጥቅምት 30

አምስተኛ ከተማ። የመብራት ማማ። ሚጢጢ ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታለች። ብርድ ነው መሰል። ባለቤቴ አሁንም ከኋላ ያሉትን ሰዎች እያሰፋች ታያለች።

«ዛሬስ ዓሣ አለ?» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

ምን ሆኛለሁ? የግፊት መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ። እንቅልፌ ግን ጥሩ አይደለም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ የልጆቹን የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት ስፈልግ የፎቶ አልበሙን አገላበጥኩ። የረጅሙ ፎቶ የለም። ከመሄዱ በፊት ያነሳነው፣ ፊቱ ጎላ ብሎ የሚታየው። አራቱ የሙጫ ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል። መጀመሪያ ባለቤቴ እንዳላይ ብላ የደበቀችው መሰለኝ። ከዚያ ካርቶኑ ትዝ አለኝ።

አወጣሁት። ቀያይ ምልክቶቹን አየሁ። ከወደቡ፣ ማለትም ከበሩ። ቀጥሎ ያለው። ቀጥሎ ያለው። ማማርና ማስጠላት የለም። ለሁሉም አንድ ጥያቄ...

መጨረሻ ያያችሁት የት ነው?

ይህ ሽርሽር አይደለም። ይህ የእኔ ፍለጋ ነው። ሚጢጢ ከልጅነቷ ጀምሮ መቀስ ሲጠፋ፣ ቁልፍ ሲጠፋ ከኋላዬ እየተከተለች ያየችው። ዴስክ በዴስክ እየሄደች ወንድሟን እየፈለገች ነው። የሩቁን ዩኒቨርሲቲ የመረጠችውም ለዚህ ነው።

ብዙ ተቀመጥኩ። ልቤ ይመታል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት... እስኪረጋጋ።

ከዚያ ካርቶኑን እንደገና አየሁ። የልማድ ነገር ሆኖብኝ ሥራዋን አረምኩ። በበረዶ ፋብሪካውና በክሬኖቹ መሃል እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የገባ መሬት አለ፤ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ። አትላሱ ላይ የዝንብ ኩስ የምታክል። ምልክት የላትም።

ዘላታለች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቁርስ ላይ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ሚጢጢ አንድ ከተማ ዘላለች» አልኩ።

ባለቤቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። መቅዳቷን አላቆመችም። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ።

«የቷን?»

በጣቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት። አንቺስ?»

«ከመሄዷ በፊት። ፎቶውንም ይዛው የሄደችው እሷ ናት።»

«እኔስ? እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም?»

«አንተማ...» አለችና ቁጭ አለች። «ያን ጊዜ አንድ ነጋዴ ‹ልጃችሁን በዓይኔ አየሁት› ብሎ ሲመጣ ረሳኸው? ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ ሄደህ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ስታገኘው? ስትመለስ ሰው አትመስልም ነበር። ስንት ወር ነው ደግፌ ያስነሳሁህ? ሐኪሙ ‹እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሁለተኛ እንዳይደርስበት› አለኝ። በእጄ ሳልጨብጥ ወሬ አልነግረውም ብዬ ምያለሁ።»

«ስለዚህ ዓሣ አወራሽኝ።»

«ምን ላውራ ታዲያ? አፌ ላይ የመጣልኝ ዓሣ ነው።»

ሳቅን። እሷ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ሻዩ ካርቶኑን ሊነካ ሲል አነሳሁት።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ቁጣዬን ቀኑን ሙሉ ፈለግኩት፤ ከበሩ ጀምሬ። የለም።


እሁድ፣ ኅዳር 7

በዚህ ሳምንት ሚጢጢ አልተጓዘችም። እናቷ ነግራታለች። ስደውል ድምፅዋ ተቀይሯል፤ እንደተያዘ ተማሪ።

«አባዬ፣ ይቅርታ...»

«አካሄድሽ ትክክል ነው። በሥርዓት ሠርተሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከበረዶ ፋብሪካው ቀጥሎ ያለችውን ለምን ዘለልሻት?»

«ውይ እሷን? እዚያማ ሊኖር አይችልም። አውቶቡስም አይገባም። የመርከብ መጠገኛ ነበረ አሉ፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰው የለም።»

ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣ የተናገረችውን ራሷ እስክትሰማው ድረስ።

«...ገባኝ» አለች።

«ፈተናውስ? ‹እየተስተካከለ ነው› የሚለውን አልፈልግም።»

«አንዱን ወድቄያለሁ። የኮንክሪቱን። ድጋሚው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።»

መባል ያለበትን አውቀዋለሁ። ተቀመጪና አጥኚ፤ ዳርቻው የትም አይሄድም። አንዱን ልጅ ስፈልግ የሌላዋን ሕይወት ላበላሽ? ይህን ልል አፌን ከፈትኩ።

«ቅዳሜ ሂጂ» አልኩ። «እሁድን ሙሉ አጥኚ። የከበደሽን ጥያቄ ላኪልኝ፤ ኮንክሪት ባላውቅም ሂሳቡን አውቃለሁ።»

ትክክል ነው የሠራሁት? አላውቅም። ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ተስፋ እያደረግሁ ነው፤ ሐኪሙ የፈራውም ይህንኑ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁለት ጥያቄ ላከች። አንዱን ፈታሁት። ሁለተኛው ላይ እሷ ልክ ነበረች።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ባለቤቴ ዛሬ ስልኩን ከእጇ አልለየችውም። ወጥ ስታማስል በአንድ እጇ ነው። እኔ ጋዜጣ ያዝኩ። አንድ ገጽ ላይ ቀረሁ።

ፎቶው የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ጽሑፍ የለውም። ሁልጊዜ «ሰላም ነኝ» ትል ነበር። አሁን ያም የለም።

ሚጢጢ ሲሚንቶ በተነጠፈበት ሜዳ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ለሁለት የተቆረጠ አሮጌ መርከብ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር። ዓይኖቿ አብጠዋል። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ከኋላ ያለውን ማስፋት ጀመረች። መርከቡን አሰፋች። የመርከቡን መስኮት አሰፋች።

«ማንም የለም» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «አንድም ሰው የለም።»

ስልኩን ተቀበልኳት። ማስመሪያ አላስፈለገኝም። የአድማሱ መስመር አገጯ ላይ አይደለም። ቅንድቧ ላይም አይደለም። ከራሷ በላይ ነው፤ ጥሩ አድርጎ በላይ። እሷም ካሜራውን ስታይ አገጯን ቀና አድርጋለች። ሕፃን ሆና ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር «አውርድልኝ» ስትል እንደምታደርገው።

«ከኋላ አትፈልጊው» አልኳት። «ከፊት ነው።»

«የቱ ከፊት?»

«ፎቶውን ያነሳው።»

አየችኝ። ወዲያው ፈራሁ። ምን ማለቴ ነው? ሣጥን ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ደረጃ ላይ ቆሞ ይሆናል። መሬቱ እኩል ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ረጅም ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው እንዴ? ይህንኑ ነገርኳት። ካንዴም ሁለቴ ነገርኳት። እሷ ግን አትሰማኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስልኩን ብቻ ታያለች።

ጠራ።

ሌላ ጊዜ ስልክ ሲጠራ ወደ ልብስ ማስጫው ይዛው ትወጣ ነበር። ዛሬ ወደ እኔ ገፋችው።

«አባዬ፣ ቁጭ ብለሃል?» አለች ሚጢጢ። «መድኃኒትህን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ። ተናገሪ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ የሰው ትንፋሽ። ከዚያ የጎረነነ ድምፅ፦

«አባዬ።»

አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ልጅ አቅፌ አልቅሻለሁ። ሁለተኛ አልሞኝም።

«ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን ነው?» አልኩት።

«ከጓዳው በር» አለ። «‹ራስህን!› ብለህ ሳትጨርስ።»

ስልኩን ለእናቱ ሰጠኋት።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ተዘጋ የተባለው መጠገኛ አልተዘጋም። አሮጌ መርከቦች ይቆርጡበታል፤ ረጅሙ ብረት በያጅ ነው። ለምን እንዳልደወለ ትናንት ነገረኝ። ስልኩ ባሕር ገባ፣ ከዚያ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል ብሎ አፈረ፣ ከዚያ ዓመቱ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ባሰው። ለዚህ መልስ ግማሽ ማርክ ሰጥቼዋለሁ። የቀረውን እፊቴ ቆሞ ይመልሳል።

መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ወረቀቱ ገና ነው። ሚጢጢ ከነገ ወዲያ የማጥናቷን ሪፖርት ትልካለች፤ ድጋሚ ፈተናው እስኪያልፍ ባሕር የሚባል ነገር የለም ብያታለሁ። «ወንድሜን ላግኝ ብዬ እንጂ ባሕሩንስ መቼ አየሁት» አለችኝ። ተራራውን ግን እንድታየው አዝዣታለሁ።

አናጢውን ጠዋት አስጠራሁት።

«ጋሼ፣ ማጠፊያው ተነቀለ እንዴ?»

«አልተነቀለም። ጉበኑን ከፍ አድርግልኝ።»

«ባለፈው ‹እንግዳ ጓዳ ምን ይሠራል› ብለውኝ አልነበር?»

«እንግዳ አይደለም።»

ሜትሩን አወጣ። «እስከየት ላድርሰው?»

እጄን ከራሴ በላይ ዘረጋሁ፤ አልደረሰም። በርጩማ አምጥቼ ወጣሁበትና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ወርጄ ራቅ ብዬ አየሁት።

ባለቤቴ ከምድጃው ጋ ዞር አለች።

«ትንሽ ጨምርበት» አለች።